ከእማማ በርካሽ የገዛሁት ታፔላ እንቅልፍ ነሳኝ

«እንደምን ሰነበቱ? የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። አራት ኪሎ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን፤ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች።

አጎቴ ሲያርፍ አንድ የትንባሆ ማጨሻ ፒፓ ተወልኝ። ከእሷ ተነሥቼ ዛሬ ወደ አርባ የሚጠጉ አሮጌ ፒፓዎችና ስድስት የትንባሆ ማስታወቂያ ታፔላዎች አሉኝ። ራሴ አላጨስም። የምገዛው ከቸርችል ጎዳና ሱቆች፣ ከምናለሽ ተራና ከቆራሌዎች ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ፣ ድሮ በምኖርበት ግቢ የነበሩ አንዲት እናት ወደ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሊዛወሩ ዕቃቸውን ሲለዩ ደረስኩ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ባቡር ይሠሩ ነበር። በብስኩት ቆርቆሮ የተቀመጡ ሰባት ፒፓዎችና የፒፓ ሥዕልና የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ያለበት ሰማያዊ የብረት ታፔላ በ1,500 ብር ሸጡልኝ። ከፒፓዎቹ ሁለቱ «ሴንት ክሎድ» የሚል ማኅተም አላቸው፤ አንዷ ደግሞ አፏ ላይ ነጭ ነጥብ አላት። በቅርቡ አንድ ነጋዴ፣ ከሀገር የሚያወጣው የውጭ ሰው አለኝ ብሎ፣ ለታፔላው ብቻ 18,000 ብር ልስጥህ አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ነግጃለሁ ወይስ ዘርፌአቸዋለሁ?

ሌላም አለ። የእቁብ ዕጣ ሲደርሰኝ ለባለቤቴ ሳልነግራት በ25,000 ብር ጢማም መርከበኛ ያለበትን የእንግሊዙን የፕሌየርስ ሲጋራ ታፔላ ገዛሁ። የሚያውቅ ሰው አየውና አዲስ ኮፒ ነው አለኝ። ባለቤቴ ስትሰማ «ይህ የሚሸት ዕቃ ሁሉ ልጄ ሳትወለድ ከቤቴ ይውጣ» አለች። ጓደኛዬ ፒያሳ ቡና ቤት ሊከፍት ስለሆነ ሁሉንም እዚያ ግድግዳ ላይ እንስቀላቸው ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባው፣ ከአራት ኪሎ»

ወንድሜ፣ ከእናትየው ልጀምር። ሌላው ሁሉ መላ ይገኝለታል።

አልዘረፍካቸውም። በዚያ ቀን አንተም እሳቸውም የታፔላውን ዋጋ አታውቁም ነበር፤ የጠየቁህን ከፍለህ ወሰድክ። ዛሬ ግን አንተ አውቀሃል፣ እሳቸው አላወቁም። እንቅልፍ የነሳህም ይኸው ነው፤ መንሣቱም ደግ ነው። «ገበያ ነው፣ ሻጭና ገዢ ተስማምተዋል» እያሉ የሚያጽናኑህ ወዳጆች አይጠፉም። አትስማቸው። ቤቱን በቀናት ውስጥ ልቀቅ የተባለ ሰው ዋጋ አይከራከርም፤ ከእጁ የሚወስድለት ካገኘ ያመሰግናል። እሳቸውም የሸጡልህ የመኪናው ጭነት እንዲቀልላቸው ነው።

ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ ወይም እሑድ አራብሳ ሂድ። ባለቤትህ መንገዱን ከቻለችው አብራህ ትሂድ፤ ካልቻለች ነግረሃት ሂድ። ቡናና ስኳር ይዘህ ግባ፣ ጠይቃቸው፣ ተጫወት፤ ከዚያ ሳታድበሰብስ «እማማ፣ ያ የሸጡልኝ ታፔላ 18,000 ብር ተጠይቆበታል» በላቸው። ምርጫውንም ለእሳቸው ተው፤ ታፔላውን መልሰው መውሰድ ይችላሉ፣ አንተ ዘንድ እንዲቀር ከፈቀዱም ገንዘብ ትጨምራለህ። ፍረጅ ብትለኝ ከተጠየቀበት ዋጋ ቢያንስ ግማሹ የእሳቸው ነው እላለሁ። በአንድ ጊዜ ከሌለህ ከደመወዝህ እየቀነስክ በየወሩ ስጥ። «ልጄ፣ የተሸጠ ተሽጧል» ብለው እምቢ ካሉህም ሁለት ሦስት ጊዜ ለምናቸው እንጂ አትጨቃጨቃቸው። አብሯቸው ያለው ልጅ ወይም ዘመድ መኖሩን እይ፤ ለእሱ የሚሆን ነገር አይጠፋም። ፒፓዎቹንም ይዘህላቸው ሂድ። በዚያ የጥድፊያ ቀን የሰጡት ዛሬ የሚቆጫቸው ሊኖር ይችላል፤ ከልጆቹም የአባቱን ፒፓ የሚፈልግ ይኖር ይሆናል። አንዷን መርጠው ቢያስቀሩ ደስ ይበልህ።

ለነጋዴው ደግሞ አሁኑኑ አይሆንም በለው። አሮጌ ዕቃ ከሀገር የሚወጣው ቅርስ አለመሆኑ ተመርምሮ ፈቃድ ሲሰጥበት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተደነገገ ነገር ነው። የሚጠየቀውም አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ያለበት ግቢ ነው። «የሚያወጣው ሰው አለኝ» ብሎ ስለ ፈቃድ ምንም ካላነሣ ሰው ጋር ምን አገናኘህ?

አሁን ልቤን ወደ ከነከነው ነገር ልምጣ። ስለ ፒፓዎቹ ስትጽፍልኝ የማኅተሙን ስም ነገርከኝ፣ የነጩን ነጥብ ቦታ ነገርከኝ። ስለ ሰውየው ግን «ባቡር ይሠሩ ነበር» ብለህ አለፍክ። እኔን የሚያጓጓኝ እሱ ነው። ነጂ ነበሩ? መካኒክ? ቲኬት ቆራጭ? ለገሀር ነበሩ ወይስ ድሬዳዋ ሠርተው ኋላ ነው የመጡት? ፒፓውን ማን ሰጣቸው? ታፔላውስ የማን ሱቅ በር ላይ ነበር፣ እንዴት እቤታቸው ገባ?

ሴንት ክሎድ በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በዡራ ተራሮች ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምራ የእንጨት ፒፓ በመሥራት በዓለም ታውቃለች። የጅቡቲው ባቡር ደግሞ የፈረንሳይ ኩባንያ የዘረጋው ነው፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917፣ የለገሀር ጣቢያ የተከፈተው በ1929 (እ.ኤ.አ.) ነው። አንድ የባቡር ሠራተኛ ቤት የሴንት ክሎድ ፒፓ ሲገኝ መንገዱን መገመት ይቻላል፤ ግምቱን እውነት የሚያደርገው ግን የእማማ ቃል ብቻ ነው። እሳቸው ሲያርፉ ያ ቃል አብሮ ይቀበራል፤ በእጅህ የሚቀረው ስሙን ኢንተርኔት ላይ የምትፈልገው እንጨት ነው።

ለዚህ ነው ስብስብህን እንድትለውጠው የምመክርህ። የለንደንና የፓሪስ ስም ማሳደድህን ተው። አዲስ አበባ ውስጥ የተጨሰን ፒፓ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ተሰቅሎ የነበረን ታፔላ ሰብስብ፤ ባለቤቱ ወይም ቤቱ የሚታወቀውን ብቻ። የፈረንሳዮቹን የባቡር ሰዎች አስብ፣ የግሪኮቹን ግሮሰሪ፣ የአርመኖቹን የፒያሳ ሱቆች፣ ጣሊያኖቹ ትተውት የሄዱትን ዕቃ። እነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። ከውስጣቸው የወጣው ላሜራ በምናለሽ ተራ በኪሎ እየተመዘነ ነው። ለንደን የተሠራን ፒፓ ታሪክ ለንደን ያሉት ጽፈው ጨርሰውታል። የፒያሳውን የባቡር ሠራተኛ ፒፓ ታሪክ ግን ከአንተ በቀር የሚጽፈው የለም።

ደብተር ግዛ። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ ስጥ፤ ከማን፣ ከየት ሰፈር፣ መቼ፣ በስንት፣ ሻጩ ምን አለ፣ ማኅተሙ ምን ይላል፣ ፎቶው የት ነው። ሻጩ ያለህን በራሱ አነጋገር ጻፈው፤ አታሳምረው። ቆራሌው «ከሠራተኛ ሰፈር ነው ያመጣሁት» ካለህ እሱም ይጻፍ። ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንክ መዝገብ መያዝ አይከብድህም። የእማማ ዕቃ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ገጾች ይያዝ።

ጋያንም በደብዳቤህ ውስጥ አላየሁትም፤ ውሃ የሚይዘው ቅል፣ የሸክላው ራስ፣ ረጅሙ መሳቢያ። የእኛው የትንባሆ ዕቃ እሱ ነው፤ ፈረንጅ ፒፓ የሚያሳድዱ ሰብሳቢዎች ሲያልፉት አያለሁ፣ ያሳዝነኛል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን እጅግ አጥብቀው ከልክለው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ትንባሆን ስትነቅፍ ኖራለች። ስለዚህ በብዙ የከተማችን ቤቶች አጫሹ ዕቃውን ደብቆ ነው የኖረው። ዕቃው ይህን ይህን ያስታውሳል።

ስለ እንጨቱም አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለባለቤትህም ንገራት። የጥሩ ፒፓ እንጨት የሚወጣው በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ከሚበቅል ቁጥቋጦ ነው፤ ከግንዱ ሳይሆን ከሥሩ ላይ ከሚያብጠው ጉብታ። ጉብታው ተቆርጦ ለሰዓታት ይቀቀላል፣ ከዚያ ወራት እየፈጀ ይደርቃል። ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ እሳት ቶሎ አይበላውም። ይህ ቁጥቋጦ እኛ አስታ የምንለው ነው፤ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ሞልቷል። እማማ የሸጡልህ ፒፓ ከሩቅ ሀገር የመጣ ነው፣ ዘሩ ግን በእኛም ደጋ አለ።

ነጭ ነጥብ ያለባት ፒፓ ልብህን እንዳታንጠለጥለው። ነጩ ነጥብ የደንሂል ምልክት ነው፤ አልፍሬድ ደንሂል ለንደን የትንባሆ ሱቁን የከፈተው በ1907 (እ.ኤ.አ.) ነው። ግን ነጥብ ማንም በመሠርሠሪያ ቀዳዳ አበጅቶ ሊተክል ይችላል፣ አፉም ከሌላ ፒፓ ተወስዶ የተገጠመ ሊሆን ይችላል። እንጨቱን እይ። ጠዋት መስኮት አጠገብ ቆመህ ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው አዘንብለው፤ በአጉሊ መነጽር የደበዘዘው ጽሑፍ ጥላ አውጥቶ ይነበባል። እውነተኛው ከሆነ ስሙ እንጨቱ ላይ ተቀርጿል፤ «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ያለች ትንሽ ቁጥር ደግሞ የተሠራበትን ዓመት ታመለክታለች። የብር ቀለበት ያላት ፒፓ ካለችህ ዕድለኛ ነህ። የእንግሊዝና የደብሊን ብር ላይ የሚመቱ ጥቃቅን ማኅተሞች አሉ፤ የሚራመድ አንበሳ ካየህ የእንግሊዝ ንጹሕ ብር ነው፣ መልሕቅ የበርሚንግሃም ነው፣ ዘውድ የደፋ በገና የደብሊን ነው። አጠገባቸው ያለችው ነጠላ ፊደል በየዓመቱ ስለምትቀያየር ዓመቱን ትነግርሃለች። ብሩ ብር መሆኑን የፒያሳ አንጥረኛ በደቂቃ ውስጥ ይለይልሃል፤ ብቻ እንዳያጸዳልህ አስጠንቅቀው። የማኅተም ጠላቱ የብርጭቆ ወረቀትና የሚያብረቀርቅ ቅባት ነው፤ አንዴ ከጠፋ አይመለስም።

ወደ ሐሰተኛው ታፔላ እንለፍ። የድሮ የብረት ታፔላ እንዴት እንደሚሠራ ካወቅህ ሁለተኛ የሚያታልልህ የለም። ቀለም የተቀባ ብረት አይደለም። የተፈጨ ብርጭቆ ከቀለም ማዕድን ጋር ተደባልቆ በወፍራም ላሜራ ላይ ይነሰነስና ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ምድጃ ቀልጦ ከብረቱ ጋር ይያያዛል። መጀመሪያ ጠቆር ያለው መነሻ ቅብ ነው የሚተኮሰው፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቀለም በየተራው ይነሰነስና እንደገና ምድጃ ይገባል። በእያንዳንዱ ቤት የነበረው የድሮ የኢናሜል መታጠቢያ ሳህን የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ታፔላዎች አጠገብ ለአጠገብ አስተኛቸው፣ የእማማንና የመርከበኛውን። ጥፍርህን በፊደሎቹ ጠርዝ ላይ ጎትት። በእማማ ታፔላ ላይ ጥፍርህ ትንሽ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይሰማሃል፤ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ተደርቧልና። በመርከበኛው ላይ ልሙጥ ከሆነ የታተመ ነው። በአጉሊ መነጽር ስታየው ቀለሙ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነም ያው ነው። ቀጥሎ የብሎን ቀዳዳዎቹን እይ። የእውነተኛው ቅብ ብሎን ሲጠብቅበት እንደ ዛጎል ተፈንጥሮ ይነሣል፤ በስብራቱ ውስጥ ነጩን፣ ከሥሩ ጥቁሩን፣ ከዚያ የዛገውን ብረት በየደረጃው ታያለህ። ዝገቱም ዝናቡ የወረደበትን መንገድ ይከተላል፤ ከላይኞቹ ቀዳዳዎች ወደ ታች ይንዠቀዠቃል። አራቱም ቀዳዳ እኩል የተፈለጠ፣ ዝገቱም ውሃ በማያርፍበት መሃል ላይ ጣል ጣል ያለ ከሆነ፣ የሰው እጅ ያስረጀው ነው። ገልብጠህ ጀርባውንም እይ፤ የድሮው ጀርባውም ተተኩሷል፣ ባዶ ቆርቆሮ አይደለም። ክብደቱንም በእጅህ መዝን። የፕሌየርስ መርከበኛ በመላው ዓለም በብዛት የሚገለበጥ ሥዕል ስለሆነ ጥርጣሬው ከገንዘቡ መቅደም ነበረበት።

ለመሆኑ ከ25,000 ብሩ በላይ የጎዳህ ሌላ ነገር መሆኑን አስተውለሃል? ለባለቤትህ አለመንገርህ። እቁብ የቤት ገንዘብ ነው። ልጅ እየጠበቃችሁ፣ የአራስ ወጪ እየመጣ፣ ዕጣው ሲደርስህ ዝም ብለህ አወጣኸው። ታፔላው እውነተኛ ቢሆንም ጥፋቱ ያው ነበር። ስለዚህ ስለ ኮፒና ስለ ነጋዴው ክፋት አታውራላት። «ሳልነግርሽ የቤታችንን ገንዘብ አወጣሁ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» በላትና ዝም በል። ዕቃህን ሳይሆን አንተን ነው የተቀየመችው የሚል ግምት አለኝ። ካሁን በኋላ ከተወሰነ ብር በላይ የሆነ ዕቃ ሁለታችሁ ሳትስማሙ አይገዛም፤ ገደቡን እሷ ትወስነው።

ስለ ሽታውም ልክ ናት። በፒፓ ውስጥ የቀረው ጥቁር ዝልግልግ ነገር ታርና ኒኮቲን ነው፤ ሽታው ለዓመታት ይቆያል፣ ኒኮቲን ደግሞ በጥቂቱም ለሕፃን መርዝ ነው። ሕፃን መዳህ ስትጀምር ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ትከታለች። በድሮ ቀለምና ቅብ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል የተፈለጠ የታፔላ ስባሪም ቤት ወለል ላይ መውደቅ የለበትም። አንዳቸውም መኝታ ክፍል አይደሩ።

የምታስቀራቸውን ፒፓዎች ራስህ አጽዳ፤ ባለቤትህ አትንካ፣ ቤት ውስጥም አይሁን። ደጅ፣ ጓንት አድርገህ። መጀመሪያ አፉን ከአንገቱ አላቅቅ፤ ወደ ጎን አትስበረው፣ ቀስ ብለህ እያዞርክ ጎትት፣ እምቢ ካለ ተወው። ከመድኃኒት ቤት ጠንካራ አልኮል ግዛና በጥጥ በተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ የአንገቱን ቀዳዳ ጥረግ። መጀመሪያ የሚወጣው ጥጥ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ነው፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ሳትሰለች ቀጥል። የራሱን ውስጥ በጥጥ ሞልተህ፣ አልኮል አንጠባጥበህበት ደጅ አሳድረው፤ ጥጡ ጠዋት ቡናማ ሆኖ ታገኘዋለህ። ውስጡ ላይ የተጋገረውን ከሰል በቢላ አትፋቀው፣ እንጨቱን ትሰነጥቀዋለህ፤ የብርጭቆ ወረቀት በጣትህ ጠቅልለህ እያዞርክ አሳሳው። ጥቁሩ አፍ አረንጓዴ ቡናማ ከሆነና ክብሪት ክብሪት ከሸተተህ ኢቦናይት ነው፤ ጎማና ድኝ ስለሆነ ብርሃንና አየር ያበላሹታል። በረኪና ውስጥ የሚነክሩ አሉ፤ አንተ አታድርገው፣ ገጽታውን ይበላዋል፣ ምልክቱንም ያጠፋዋል። በትንሽ ዘይት አሽተህ ከብርሃን አርቀው። ከቱርክ፣ ከኤስኪሼር የሚመጣው ነጩ የድንጋይ ፒፓ ካለህ ደግሞ አልኮልም ውሃም አታስነካው፤ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። ታፔላዎቹን ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠብ፣ ወዲያው አድርቅ፣ የተፈለጠው ቦታ ላይ ሰም ቀባበት። የድስት ማጠቢያ ሽቦ በጭራሽ አይድረስበት። ሁሉንም በፕላስቲክ አትጠቅልል፤ በክረምት ይሻግታል። በወፍራም ካርቶን፣ ከፍ ባለ ቁም ሣጥን፣ ቁልፍ ያለበት።

አርባውን ግን አታስቀራቸው። የአጎትህን አንዷን፣ የእማማን፣ ታሪካቸውን የምታውቃቸውን ጥቂቶች ያዝ። ሌላውን ሽጥና ገንዘቡን እቁቡ ወደ ጎደለበት መልስ።

ጓደኛህ ቡና ቤቱን ሌላ ነገር ያስጊጥበት። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትንባሆ ማስታወቂያ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ተከልክሏል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰውም ትንባሆ አይሸጥም። ያረጀ ታፔላ ቅርስ እንጂ ማስታወቂያ አይደለም ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ክርክሩን ግን ተቆጣጣሪ ፊት ቆሞ የሚያደርገው ጓደኛህ ነው። እኔን ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከትምህርት ቤት ወጥተው ማኪያቶ ሊጠጡ የሚገቡት ልጆች ናቸው። ታፔላው የተሠራው እንዲያማልል ነው፤ ዛሬም ያማልላል። የማኪያቶ ማሽኑ እንፋሎትም በተፈለጠ ብረት ላይ ዝገት ያፋጥናል። ለማሳየት ከፈለግህ ፎቶ አንሣና ታሪኩን ከሥሩ ጽፈህ ለሚጠይቅህ ሰው አሳይ።

መርከበኛው ታፔላ ቀረ። የሸጠልህ ሰው አድራሻው ካለህ ሂድና «አሮጌ ነው ብለህ ሸጠህልኛል፣ አይደለም፣ ገንዘቤን መልስ» በለው፤ ምስክር የሚሆንህን ሰው ይዘህ ሂድ። ካልመለሰልህ ለጌጥ የሚፈልግ ሰው አይጠፋምና አዲስ ኮፒ መሆኑን ነግረህ፣ ጀርባውም ላይ ጽፈህበት፣ በኮፒ ዋጋ ሽጠው። የተገኘውን ለባለቤትህ ስጣት።